ዐውደ ርእይ ለምትዞር የሥዕል ተማሪ

ልጄ፣ ዐውደ ርእይ ዞረሽ «ምንም አልገባኝም» እያልሽ እንደምትመለሺ ነገርሽኝ። ብዙ ዘመን ንድፍ ሳስተምር ይህን ያላለ ተማሪ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ አትደንግጪ። አንቺ እዚያ የምትገቢው ሥራው እንዴት እንደተሠራ ልትሰልዪ ነው። ምክሬን ከዚያ አንጻር አንብቢው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልሽ።)

1. መክፈቻው ላይ ተገኚ፤ ሥዕሉን ለማየት ግን ሌላ ቀን ተመለሺ። የመክፈቻ ምሽት የሰው ነው። ወይን ይቀዳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ታዳሚው ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይጨዋወታል። ይህን አላጣጥልም፤ ነገ ስቱዲዮ የሚያጋራሽ ወይም ሥራሽን የሚገዛሽ ሰው የሚገኘው እዚያው ነው። ሠዓሊውን «እንኳን ደስ ያለህ» በዪውና አስተያየትሽን አቆዪ። በሥራ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋለሪው ጭር ሲል ብቻሽን ግቢ።

2. ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማብራሪያ መጨረሻ ላይ አንብቢው። አንዳንዱ ከሥራው ይረዝማል። «ማንነት»፣ «ትውስታ» እና «ስፍራ» ከሰሞኑ ማብራሪያዎች ቢወጡ ምን እንደሚተርፍ እንጃ። መጀመሪያ ያየሽውን በደብተርሽ ጻፊ፤ ከዚያ ከተለጠፈው ጋር አስተያዪው። ጸሐፊው ልክ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዓይንሽ ፈትነሽ ተቀበልሽው ማለት ነው።

3. «ምን ማለት ነው?» ከማለትሽ በፊት «እንዴት ተሠራ?» በዪ። ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይህን ነው።

የኤልያስ ስሜን ሥራ ውሰጂ። ከሩቅ ከአውሮፕላን ላይ የታየ የእርሻ መሬት ይመስላል። ስትጠጊ በቀለም የተለያየ የኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ በአንድ ተጎንጉኖ፣ ከኮምፒውተር የወጣ ሰርኪዩት ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ እንጨት ላይ ተመትቶ ታገኚዋለሽ። ዕቃው በብዛት የሚመጣው ከመርካቶ ነው። እንግዲህ እዚያው ቆመሽ ጠይቂ፦ የትኛው ቀድሞ ተመታ? አረንጓዴው ለምን እዚህ ጋ ቆመ? ስንት እጅ ገባበት? ይህን ስትጠይቂ ሌላ ጥያቄ ሳይጠሩት ይመጣል፦ ይህ ሽቦ መርካቶ ከመድረሱ በፊት የማን ቤት ነበር? ትርጉም የምትዪው ነገር በዚህ በኩል ነው የሚገባው።

መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ስትሄጂም እንዲሁ አድርጊ። ኤልያስና መስከረም አሰግድ አቋቁመውት በ2019 ነው የተከፈተው። ጎብኚው የተሰቀለውን አይቶ ግድግዳውን ያልፈዋል፤ እኔ ግን ግድግዳውን ነው የማስቀድመው። ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ ላዩ በጥለት የተሞላ ነው። ጭቃ አቡክቶ፣ አብላልቶ፣ መርጎ የሚሠራውን ሰው ዕውቀት «ባህላዊ» ብለሽ አትለፊው። በእጅሽ ሳትነኪ ጠጋ ብለሽ ጥለቱ የትኛው በጣት፣ የትኛው በመሣሪያ እንደወጣ ለመለየት ሞክሪ።

ስድስት ኪሎ ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም አትርሺ። ገብረ ክርስቶስ ከኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕሎቹን አይቶ «ይህ ደግሞ ምንድነው?» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ያንቺ «አልገባኝም» እንግዲህ ስድሳ ዓመት ያለፈው ባልንጀራ አለው። ገብረ ክርስቶስ በ1981 በስደት አሜሪካ ሞተ፤ ጀርመን የቆዩት ሥዕሎቹ አገራቸው የገቡት በ2008 ነው። አንዱን ብቻ ምረጪና ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደተደራረበ ቁጠሪ።

4. ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችውን የጁሊ ምሕረቱን ሥራ በኢንስታግራም አይተሽ ይሆናል። «ሞጋማ» የሚባሉት አራቱ ሸራዎቿ እያንዳንዳቸው ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ቁመት አላቸው። ከሥር የሕንጻ ንድፍ አለ፤ በላዩ ሥሩን የሚያሳይ ቀለም ተቀብቶ ይሞረዳል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ በኢንክ የተጣሉ ጥቃቅን ጭረቶች አሉ። ይህ ሁሉ ስልክ ላይ ግራጫ ጭስ ሆኖ ይቀራል። በ2016 ሥራዋ እዚሁ ስድስት ኪሎ ቀርቦ ነበር፤ ያኔ ፊቱ የቆመው ሰው ያየው ሌላ፣ በስክሪን ያየው ሌላ ነው። ፎቶ ካስፈለገሽ የሥራውን ርእስና መጠን የያዘውን ካርድ አንሺ። ሥራውን ግን በእርሳስ ንደፊው፤ መጥፎ ንድፍ ይበቃል።

5. «ይህን እኔም እሠራዋለሁ» ካልሽ ሥሪው። የዚያኑ ማታ። ወይ ትክክል ነበርሽ፣ ወይ የማታውቂው ችግር ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ሁለቱም ይጠቅምሻል።

6. መምህርና ተማሪን ጎን ለጎን እዪ። ታደሰ መስፍን የገበያ ሴቶችን ይሥላል፦ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ረጃጅም፣ ባለ ግርማ። እሱ ካስተማራቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወደ ሽቱትጋርት ሄደ፤ በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፓቪሊዮን ስትቀርብ የታየው የእሱ ሥራ ነበር። የእሱ ሰዎች ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠላልፈው እጅና እግሩ የማን እንደሆነ ይጠፋሻል። ተማሪው ከመምህሩ ምን ወሰደ? ምኑንስ እምቢ አለ? መልሱን ከመጽሐፍ አትፈልጊ። ካንቺ መምህራንም የምትወስጂውን ስትመርጪ ይህን ጥያቄ ያዢ።

7. የዋጋ ዝርዝሩን ጠይቂ፤ አያሳፍርም። የትኛው መጠን በስንት እንደሚወጣ ማወቅ የሙያሽ አካል ነው። «ተሸጧል» የሚለው ቀይ ነጥብ የተለጠፈበትን ግን እየመረጥሽ አትዪ፤ እሱ የሚነግርሽ ስለ ገዢው ነው። የእንግዳ መዝገብ ካለ ደግሞ የትኛውን ሥራ፣ የቱ ጋ ቆመሽ እንዳየሽ፣ ምን እንዳልገባሽ ጻፊ። እኛ ሠዓሊዎች ያንን መዝገብ ቤት ወስደን እናነበዋለን፤ «በጣም ያምራል፣ በርታ» የሚለውን ገጽ ግን ቶሎ ነው የምንገልጠው።