የሰው ቆዳና የፀሐይ ጨረር

የሰው ቆዳ ሁሉ ፀሐይን እኩል አይችልም። ምክንያቱ ሜላኒን የተባለው ቀለም ነው። ሜላኒን ጎጂውን ጨረር ያስቀራል፤ ሲበዛ ቆዳ ይጠቁራል፣ ሲያንስ ይነጣል።

አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ቆዳን ፀሐይ ሲነካው በሚያሳየው ለውጥ መደበው፤ ዛሬ ምድቡ 6 ነው። 1ኛው ቶሎ ይቃጠላል፤ 6ኛው ከቶ አይቃጠልም ለማለት ይቻላል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. በዘመተባት በኮርያ ብዙዎቹ ከ3ኛውና ከ4ኛው ይመደባሉ፤ እኛ ግን በብዛት ከ5ኛውና ከ6ኛው ነን።

ታዲያ ፀሐይ እኛን አይጎዳንም ማለት ነውን? አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአምባሰል ተራራም ከዚያ ይበልጣል። የደጋው ብርድ ጨረሩን አይቀንሰውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ሜላኒን ስለሚያንሳቸው ቆዳቸው ይቃጠላል፤ ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ፤ ዓይናቸውም ሩቁን አጥርቶ አያይም። ይህ እርግማን ወይም ተላላፊ በሽታ ሳይሆን ከእናትና ከአባት የሚወረስ ጠባይ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ያልብሷቸው፤ በእኩለ ቀንም ከብት ጥበቃ አይስደዷቸው። መምህራን ከሰሌዳው አጠገብ ያስቀምጧቸው። እኛ ተማሪዎችም ጥላውን እንልቀቅላቸው።