ዝናቡ ካባራ በኋላ ለምን በረደን?

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ ብሎ በተዘረጋው በባሌው የሳነቴ አምባ ላይ፣ በአንድ የክረምት ቀን ከተማሪዎቻችን ጋር በእግር ስንጓዝ ነበር። በጅብራ ተክሎች መካከል ያለው መሬት ውሃ ያዘለ ረግረግ ነው። ዝናብ እየመታን ስንጓዝ ስለ ብርድ ያማረረ አልነበረም። ዝናቡ አባርቶ፣ ወደ ኋላ የቀሩትን ለመጠበቅ ስንቆም ግን ነፋስ ተነሣ፤ ጋቢ የለበሰ አንድ ተማሪም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለመሆኑ ብርዱ ዝናቡ ካባራ በኋላ የበረታው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ ረግረጉን እንመልከት። 600 ኒውተን የሚመዝን ሰው፣ ስፋቱ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ ጫማ ላይ ሲቆም በመሬቱ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 30,000 ፓስካል ነው። ረግረግ ይህን መሸከም ስለሚያቅተው እግር ይሰምጣል። ጫማው በኃይል ወደ ላይ ሲጎተት ደግሞ ከሥሩ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ፣ ከላይ ያለው አየር መልሶ ይጫነዋል። ስለዚህ በቅድሚያ ተረከዝን ቀስ ብሎ በማንሣት አየር ከሥሩ እንዲገባ ማድረግ ይበጃል።

ይህ ትግል ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ጡንቻ ከሚጠቀምበት ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ በዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ ያለ ሰው ከ300 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል። ያረፈ ሰው የሚያመነጨው ግን 100 ዋት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በቆምን ጊዜ ምድጃችን ቀዘቀዘ ማለት ነው።

በአንጻሩ ወጪው ጨመረ። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለመትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ አየሩ በእርጥበት የተሞላ በመሆኑ ትነቱ አዝጋሚ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራና ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ግን ይፋጠናል። በልብሳችን ውስጥ ያለ ግማሽ ኪሎ ግራም ውሃ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቢተንና ሙቀቱን ከሰውነታችን ቢወስድ፣ ኪሳራው 110 ዋት ያህል ይሆናል። ይህም ያረፈ ሰው ከሚያመነጨው ሁሉ ይበልጣል!

የልብሱም ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ሙቀት የሚጠብቅልን በክሮች መካከል የታሰረው አየር ነው። የጥጥ ጋቢ ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። እንደ በርኖስ ያለ የሱፍ ልብስ ግን ረጥቦም ቢሆን ከጋቢ ይልቅ አየር ይይዛል።

በመሆኑም የተማሪውን እርጥብ ጋቢ አውልቀን ደረቅ ሹራብ አለበስነው፤ ነፋስ እንዳያገኘው በላስቲክ ሸፍነን ትኩስ ሻይ ሰጠነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተሻለው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከወረደ ንግግር ይጎተታል፣ እርምጃም ይደናቀፋል። ሙቀቱ ይበልጥ ሲወርድ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ይህም የከፋ አደጋ ምልክት እንጂ መዳን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቀርፋፋውን ተጓዥ ከፊት አስቀደምን፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አልኖረም። በእርጥብ ደጋ ላይ የምትጓዙ ተማሪዎች ሁሉ፣ ደረቁን ልብስ የምትለብሱት ዝናቡ ባባራበትና ባረፋችሁበት በዚያው ሰዓት መሆኑን አትዘንጉ።