የጁሙዓ ትምህርት፦ ጥቁር አዝሙድና የስኳር በሽታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ እናቴ ስኳር አለባት። ጥቁር አዝሙድ ዘይት ጀምሪ፣ መርፌውን ተዪው ብለዋታል። ሐዲስ ስላለበት እምቢ ለማለት ፈራሁ። ምን ልበላት?»

ጥያቄው ከየትም አልመጣም። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በሻሸመኔ፣ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ ከሚስዋክና ከሽቶ ጎን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተደርድሮ እናያለን። ገበያ ላይ አብሽ፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት፣ ስሙ ያልተጻፈበት ድብልቅ ሞልቷል። ስልካችን ላይ ደግሞ «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» የሚል ማስታወቂያ ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን ከዲንም ከሕክምናም አንፃር ረጋ ብለን እንየው።

1. ሐዲሱን እንዴት እንረዳው?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥቁር አዝሙድ ከሞት በስተቀር ለማንኛውም በሽታ ፈውስ እንዳለበት ነግረውናል። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፤ እናምንበታለን። ዑለሞች የተወያዩት በአረዳዱ ላይ ነው። ኢማም አል-ኸጣቢ ቃሉ ጥቅል ቢሆንም የተፈለገው ለተወሰኑ በሽታዎች እንደሆነ ገልጸዋል። ኢብኑ ሐጀር በፈትሑል ባሪ ዘሩ እንደ በሽታው ዓይነት አንዳንዴ ለብቻው፣ አንዳንዴም ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚሰጥ ጠቅሰዋል። ቃሉን በጥቅልነቱ የያዙ ዑለሞችም አሉ። ይሁንና «ሌላውን መድኃኒት አቁሙ» የሚል ቃል በሐዲሱ ውስጥ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ማርንም፣ ዋግምትንም፣ ሌላ መድኃኒትንም ተጠቅመዋል፤ ታከሙም ብለው አዘዋል።

2. «ሲገጥም» የምትለዋ ቃል

ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሌላ ሐዲስ፣ በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለውና መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲገጥም በአላህ ፈቃድ ሽረት እንደሚገኝ ተነግሮናል። «ሲገጥም» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ የዛሬው ትምህርት ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ሆዱን ላመመው ወንድሙ ማር እንዲያጠጣ ስለታዘዘው ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው እየተመላለሰ «አልተሻለውም» ሲል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግመው ደጋግመው አጠጣው አሉት፤ በመጨረሻም ዳነ። ኢብኑል ቀዪም በዛዱል መዓድ ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር አውጥተዋል፦ መድኃኒት እንደ በሽታው መጠን አለው፤ ካነሰ አያድንም፣ ከበዛ ይጎዳል። እንግዲህ መግጠም ማለት የመድኃኒቱን ስም ማወቅ ብቻ አይደለም፤ መጠኑንና የበሽተኛውን ሁኔታ ማወቅም ነው።

የስኳር በሽታ ደግሞ በመለኪያ የሚታወቅ በሽታ ነው። ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው ጠዋት ሲለኩ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በድጋሚ ምርመራም ከተረጋገጠ፣ ስኳር አለ ይባላል። ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ ያኛው አደጋ መጣ ማለት ነው። ሐኪም ኢንሱሊንን በዩኒት ቆጥሮ የሚያዘው ለዚህ ነው። በገበያ ዘይት አንድ ማንኪያ ውስጥ ስኳርን የሚያወርደው ነገር ስንት ነው? የዛሬው ጠርሙስ ከባለፈው ወር ጠርሙስ ጋር እኩል ነው? ሻጩም ገዢውም አያውቁም።

3. ታዲያ ዕፅዋት አይረዱም?

ዕፅዋትን አንንቅም። ብዙ የስኳር ሕሙማን የሚውጡት ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን የዘር ግንዱ ዕፅ ነው። ጋሌጋ የሚባል ተክል በአውሮፓ ለዘመናት በባሕላዊ መድኃኒትነት አገልግሏል። ሊቃውንት በውስጡ ያለውን ስኳር የሚያወርድ ንጥረ ነገር ለይተው አጠኑት፤ መርዛማነቱንም አዩ። ከዚያ መነሻ የተሠራውን ሜትፎርሚንን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። ፌንፎርሚን የተባለው የቅርብ ዘመዱ ግን ደም ውስጥ አሲድ እያከማቸ ሰው ስለገደለ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከብዙ አገሮች ገበያ ወጣ። ዕፁ መድኃኒት የሆነው ተለክቶ፣ ተፈትኖ፣ ጉዳቱም ተመዝኖ ነው።

የኛዎቹስ? አብሽ ውስጥ ያለው ልፋጭ ምግብ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገያል፤ በጥናቶችም ስኳርን በመጠኑ ሲቀንስ ታይቷል። ጥቁር አዝሙድም በአነስተኛ ጥናቶች ጥቂት ቅናሽ አሳይቷል። በነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ ሕሙማን ዘሩን የወሰዱት ከመድኃኒታቸው ጋር ጨምረው እንጂ መድኃኒታቸውን ጥለው አይደለም። ኮንሶዎች ከጥንት ጀምሮ በምግብነት የሚጠቀሙበት ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፤ ስኳርን ስለመቀነሱ የተሠራው ጥናት ግን በአብዛኛው በአይጦች ላይ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዕፁ ስኳር የሚያወርድ ከሆነ ከመርፌው ወይም ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሀብ፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ወዲያው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታድርጉ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሁለተኛ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ተለውሶ ይሸጣል። ማር ውስጥ ፈውስ እንዳለ ቁርኣን ነግሮናል፤ ግን ማር የስኳር በሽተኛን ስኳር ከፍ ያደርጋል። ይኸው ነው «መግጠም» ያልነው።

4. መርፌው ሲቋረጥ

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። ሊሞት የተቃረበው ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ኢንሱሊን አላህ ለሰው ልጅ ከከፈታቸው የፈውስ ሰበቦች አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ያስታውከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ራሱን ይስታል። ሁለተኛው ዓይነት ያለበት ሰው ደግሞ ለወራት ደኅና ሊመስል ይችላል። «ዘይቱ አዳነኝ» የሚለውም በዚህ ጊዜ ነው። ውስጥ ውስጡን ግን ዓይኑ፣ ኩላሊቱና የእግሩ ነርቭ ይጎዳሉ። የሕመም ስሜት አለመኖሩ መዳንን አያሳይም፤ የሚያሳየው ልኬቱ ነው።

5. ለሚሸጡ ወንድሞችና እህቶች

አቡ ዳውድና ሌሎች በዘገቡት ሐዲስ፣ በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ዘይት መሸጥ ሐላል ንግድ ነው። «መርፌህን ጣል» ማለት ግን ንግድ አይደለም፤ በሌላ ሰው ነፍስ ላይ መፍረድ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ሥር እርጥበቱን የደበቀውን ነጋዴ እንዴት እንደገሠጹት አስታውሱ። ጠርሙስ ውስጥ ያለውን የማያውቅ ሻጭ ከዚህ የከፋ ነገር ደብቆ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በቻይና ሺንጂያንግ ግዛት በሐሰት የተሠራ የስኳር ካፕሱል ሰዎችን ገድሏል። ውስጡ ሲመረመር ግሊቤንክላሚድ የተባለው የፋብሪካ መድኃኒት ከልክ በላይ ተጨምሮበት ተገኘ። «በሦስት ቀን ስኳሬን አወረደው» የተባለ ድብልቅ ስታገኙ ይህን አስቡ፤ አጠራጣሪ ምርት ካያችሁም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውላችሁ ጠቁሙ።

6. እናትህን ምን ትላታለህ?

አትቆጣት፤ ሐዲሱንም አታጣጥልባት። «እማዬ፣ ዘይቱን ይዘን ሐኪምሽ ጋ እንሂድ። እሱ ሳያውቅ ግን መርፌውን አናቁም» በላት። ጠርሙሱን ይዘህ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም በአቅራቢያህ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ሐኪሙ ከፈቀደ በየቀኑ ለካላት፣ በደብተርም ጻፍ። እርጉዝ የሆነች ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አብሽን በመድኃኒትነት አይጀምር። ያላረጋገጥከውን የ«ፈውስ» ማስታወቂያም አታጋራ፤ አንድ ጊዜ ተጭነህ የላክኸው መልእክት የአንድን አባት መርፌ ሊያስጥል ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። መርፌውን የሚተው ሁሉ ተታልሎ አይደለም። የመድኃኒቱና የመለኪያው ወጪ ከብዶት፣ ለልጆቹ ዳቦ ወይስ ለራሱ ኢንሱሊን ብሎ የሚመርጥ ጎረቤት አለን። እሱን «ለምን ተውክ?» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው። ከጀመዓው አሰባስቦ የአንድ ወር መድኃኒት መግዛት፣ የማኅበረሰብ ጤና መድህን እንዲመዘገብ መርዳት ግን ሶደቃ ነው። ዛሬ ከዐሱር በፊት አንድ ሰው አስቡና ጠይቁት።

ያ አላህ፣ አንተ ፈዋሹ ነህ፤ ሕሙማኖቻችንን ፈውስልን። ሰበቡን አውቀን የምንይዝ፣ ልባችንን ግን ባንተ ላይ የምናሳርፍ አድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።