የዱቤ መዝገብ በኮምፒዩተር፤ ተራው ሲዛባ ምን ይፈተሽ?

በዱቤ የሚሸጥ የጅምላ ነጋዴ ዕዳ ሰብሳቢውን ወደ ገበያ ሲልክ፣ ሠራተኛው ይዞ የሚወጣው በኮምፒዩተሩ ፎርም አናት ላይ የሰፈሩትን ጥቂት ስሞች ነው። ፎርሙ የ900 ብሩን ባለዕዳ ከላይ፣ የ120,000 ብሩን ከታች ካስቀመጠ የነጋዴው መንቀሳቀሻ ገንዘብ ሰው እጅ ይከርማል።

መዝገባቸውን በማይክሮሶፍት አክሰስ የሚይዙ ድርጅቶች ይህ ሲገጥማቸው ጥፋቱን ቶሎ ፎርሙ ላይ ይጥሉታል። ከዚያ በፊት ግን ለፎርሙ መረጃ የሚያቀብለውን ኩዌሪ ለብቻው ከፍቶ ማየት ይበጃል። ተራው እዚያ ትክክል ሆኖ ፎርሙ ላይ ብቻ ከተዛባ ችግሩ የፎርሙ ነው። አንድ ሠራተኛ ለራሱ ሥራ ሲል ደንበኞቹን በስም አሰልፎ ፎርሙን ከነአሰላለፉ ሴቭ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ፎርሙን በዲዛይን ከፍቶ፣ በፕሮፐርቲ ሺት ላይ «ዳታ» በሚለው ክፍል ከ«ኦርደር ባይ» ፊት ለፊት የተጻፈውን ማጥፋት፣ «ኦርደር ባይ ኦን ሎድ» የሚለውንም «ኖ» ማድረግ ይበቃል። ቴብሉ በተመዘገበበት ቅደም ተከተል ይቆየኛል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። ቴብል የራሱ ተራ የለውም፤ ተራውን የሚያዘው ኩዌሪው ነው።

ኩዌሪው ራሱ ከተዛባ ነገሩ ከበድ ይላል። የዕዳው ዓምድ በቁጥር ፋንታ በ«ቴክስት» ተከፍቶ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያወዳድረው የገንዘቡን መጠን ሳይሆን አሃዞቹን ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ አሰልፍ ሲባል 900፣ 85000፣ 120000 ብሎ የሚደረድረው ለዚህ ነው። መፍትሔው ዓምዱን ወደ «ከረንሲ» መለወጥ ነው። አስቀድሞ ግን የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ፊደል የተቀላቀለባቸው ቁጥሮች በለውጡ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉና። ዓምዱን ሳይነኩ «ቫል» በሚባለው ፈንክሽን ለመገላገል የሚሞክሩም አሉ። ይህ ፈንክሽን ኮማ ሲያገኝ ስለሚቆም 85,000 ብር 85 ብር ሆኖ ይቀራል!

ለእኛ አገር ነጋዴ የባሰው ቀን ነው። የአክሰስ የቀን ዓምድ በተለመደው አሠራሩ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር እንጂ የእኛን አይደለም። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/02/2016 ብለው ቢያስገቡት፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ አይቀበልም። ጳጉሜን 3ን 03/13/2016 ብለው ሲጽፉ ግን ማርች 13 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል። የሚያሰጋው ይኸኛው ነው፤ ማንም ሳያውቅ የዕዳው ቀን ተለውጧልና።

ይህን ሸሽቶ ቀኑን በቴክስት የሚጽፍም ሌላ ጣጣ ይገጥመዋል። ከድሮው ወደ ቅርቡ ሲያሰልፍ በ05/02/2016 የተሰጠው ዱቤ በ28/09/2013 ከተሰጠው ይቀድማል፤ የከረመው ዕዳ ከኋላ ተደብቆ ይቀራል። ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ፣ 2013/09/28 ብሎ መጻፍ ተራውን ያስተካክለዋል። ዕዳው ስንት ቀን እንደቆየ ማስላት የሚፈልግ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር የተሞላ እውነተኛ የቀን ዓምድ አጠገቡ መጨመር ይኖርበታል።