የወፍጮው ሞተር ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ። ባለ 15 ኪሎዋት ሞተሬ ተቃጥሎ አስጠቀለልኩት፤ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ተቃጠለ። ጥፋቱ የጠቀለለው ባለሙያ ነው?

መልስ፦ ባለሙያውን ከመውቀስ በፊት የተቃጠለውን ሞተር ከፍቶ ማየት ይበጃል። ጥቅልሉ ዙሪያውን እኩል ከጠቆረ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል፤ አለዚያም ዱቄት የማራገቢያውን ሽፋን ደፍኖ አየር አሳጥቶታል። ከፊሉ ከስሎ ከፊሉ እንደ አዲስ ካብረቀረቀ ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ፌዝ መጥፋቱ ነው።

በሥራ ላይ ያለ ሞተር ፌዝ ሲጎድልበት ወዲያው አይቆምም፤ እያጉረመረመ በሁለቱ መፍጨቱን ይቀጥላል። በ380 ቮልት 30 አምፔር ገደማ የሚስበው ይህ ሞተር ያን ጊዜ በቀሩት ሁለት መስመሮች 52 አምፔር ያህል ይስባል። ሊያድነው የሚችለው ኦቨርሎድ ሪሌይ ነው። እሱን ደግሞ «ቶሎ ቶሎ እየቆረጠ ሥራ ያስፈታል» ብሎ ወደ 50 የሚያዞረው አይጠፋም። በቃ፣ ጠባቂው ተኛ!

ሪሌዩ በሞተሩ ታርጋ ላይ በተጻፈው አምፔር ይስተካከል፤ ፌዝ ሲጠፋ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያም ይጨመርበት። ከኤሌክትሪኩ ሌላ ቺንጋውንና ግራሶውንም ይመልከቱ፦ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል፤ ግራሶ ሲበዛበትም ኩሽኔታው ይግላል።

ሽፋን ከመክፈትዎ በፊት ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው ይቆልፉ፤ ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ፤ በሦስቱም ፌዝ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ። ሞተሩ ቆመ ማለት መስመሩ ኃይል የለውም ማለት አይደለም።