ቁጠባው ከማን ድርሻ ይጀምር?



በዚህ ጽሑፍ የምንማማረው በኑሮ ውድነት ጊዜ የቤት ወጪን ስለ መቀነስ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒት ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ምንዛሪውን እኛ አንለውጠውም፤ የቤታችንን አኗኗር ግን መለወጥ እንችላለን።

አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። ኑሮ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማን ድርሻ ነው? በብዙዎቻችን ቤት እናቶቻችን ለሁሉ አቅርበው እነርሱ መጨረሻ ይበላሉ። «ጠግቤአለሁ» ሲሉን እውነት ይመስለናል። እኛ ግን በዚያው ቀን ለለስላሳና ለስልክ ካርድ ገንዘብ እንጠይቃለን። እናት እየተራበች የሚቆጠብ ቤት ቆጠበ አይባልም። ስለዚህ ቁጠባው ከእኛ ከወጣቶቹ ይጀምር።

አንደኛ፣ የግል ወጪያችንን ለአንድ ወር በደብተር እንጻፍ። በቀን 30 ብር ለማያስፈልግ ነገር የሚያወጣ ሰው በወር 900 ብር፣ በ12 ወር 10,800 ብር አወጣ ማለት ነው። ሳይጻፍ ግን ይህ አይታየንም።

ሁለተኛ፣ በማድ ቤት እናግዝ፤ ዘዴውንም እንማር። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን በውኃ ከተዘፈዘፈ ቶሎ ይበስላል፤ ድስቱም ከተከደነ ከሰሉ ይበረክታል። ምጣድ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን እንጀራ ጋግሮ መጨረስ፣ በቀረው ሙቀትም ቆሎ መቁላት ይቻላል። የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት ደርቆ ድርቆሽ ይሁን። ጌታችን በጥቂት እንጀራ አምስት ሺህ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ አዟል፤ 12 መሶብም ሞልቷል። ማብዛት የሚችል አምላክ እንዳይባክን ካዘዘ፣ እኛማ እንዴት እንጥላለን?

ሦስተኛ፣ ጤፍ አዲስ ምርት ሲገባ፣ በታኅሣሥና በጥር ዋጋው ረገብ ይላል። ብቻውን ኩንታል መግዛት የማይችል ቤተሰብ ከጎረቤት ጋር ገዝቶ ቢካፈል፣ ኪሎ በኪሎ ከመሸመት ይድናል።

አራተኛ፣ ለይታይልኝ የሚወጣውን እንተው። ለምርቃትና ለልደት ተበድሮ መደገስ፣ የጓደኛን ልብስ አይቶ ወላጅን ማስጨነቅ አይገባንም። አባቶቻችን «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጠባና ንፉግነት አንድ አይደሉም። የሕመምተኛ መድኃኒት፣ የሕፃን ምግብና የእድር መዋጮ አይቀነስም። ምጽዋትም እንደዚሁ ነው። የሰራፕታዋ መበለት የቀራትን ጥቂት ዱቄት ለነቢዩ ኤልያስ አካፈለች እንጂ አልደበቀችም። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ከምግባችን የምንቀንሰውም ለተራበ እንዲደርስ ነው። የጾሙን ማዕድ በውድ ምግብ ካሳመርነው ግን ለድሃው ምን ይተርፋል?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከቤታችን እንጀምር። ማዕድ ሲቀርብ እናታችን ሳይቀመጡ እጃችንን አንስደድ። የእርሳቸው ድርሻ መኖሩን አይተን እንብላ። ይህን ስናደርግ ምን ያህል እንደደከሙልን ይገባናል፤ ከእኛ ወጪ የትኛው መቅረት እንዳለበትም ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ባለፈው ሳምንት ካወጣነው ገንዘብ ውስጥ ያለ እርሱ መኖር የምንችለው የትኛው ነው?

2. ቆጣቢንና ንፉግን በምን እንለያቸዋለን?