ባለ ረጅም ጭራው ዝንብ አዳኝ በኖፓ የቡና ጫካ

እንደሚታወቀው ኢሉባቦር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቡናው፣ ማሩና ደኑ ነው። ስለ ወፎቹ ግን የባዮሎጂ ተማሪዎች ሆነን እንኳ ብዙ አናወራም። በዚህ አጭር ጽሑፍ በኖፓ አካባቢ ስለሚገኝ አንድ ነፍሳት በል ወፍ መልክ፣ መኖሪያና ጠባይ አቀርባለሁ። ሳይንሳዊ ስሙ ተርፕሲፎኒ ቪሪዲስ ነው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ዝንብ አዳኝ እለዋለሁ።

መልኩ

የወንዱ ራስና ጉሮሮ የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ ሆዱ ግራጫ፣ ጀርባውና ጭራው ቀይ ዳማ ነው። ዓይኑን ሰማያዊ ቀለበት ይከበዋል። ሁለቱ የመሐል ጭራ ላባዎቹ ሰውነቱን ያህል ይረዝማሉ፤ ክብደቱ ግን 15 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሴቷ ጭራዋ አጭር፣ መልኳም ፈዘዝ ያለ ነው። በአገራችን ጀርባውና ጭራው ነጭ የሆነ ወንድም ይታያል። ይህ ሌላ ዝርያ አይደለም፤ ያው ራሱ ነው። ታዲያ ረጅም ቀይ ጭራ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሴቷንም ነጩንም ሳያውቃቸው ያልፋል። ከጭራው ይልቅ ጠባዩን ማየት ይሻላል።

ጠባዩ

ዝንብ አዳኝ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይጠብቃል። ነፍሳት ሲያልፉ ተስፈንጥሮ አየር ላይ ይይዛቸውና ወደ ቅርንጫፍ ይመለሳል። ጎጆው እንደ ትንሽ ስኒ ያለ ሲሆን በቅርንጫፍ መንታ ላይ ከቃጫና ከሥራሥር ይሠራል፤ በሸረሪት ድር ያስረዋል፣ ከውጭም በዛፍ ሽበት ይሸፍነዋል። እንቁላሉን ወንዱም ሴቷም በተራ ይታቀፋሉ። ጎጆው አጠገብ ከመጣ ከእሱ የሚበልጥ ወፍ እንኳ ቢሆን አይለቀውም፤ እየጮኸ ያባርረዋል።

መኖሪያው

ወፉ ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በሰፊው ይገኛል። የደን ዳር፣ የወንዝ ዳር ዛፎችና ጥላ ያለው የቡና ጫካ ይስማሙታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ከላይ የዋንዛና የሳሳ ጥላ፣ ከመሐል ለመብረር የሚበቃ ክፍት ቦታ፣ ከታች ደግሞ ጎጆ የሚሠራበት ቅርንጫፍ ያገኛል።

ማጠቃለያ

የቢሎ ኖፓ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ የቡና ደን ባዮስፌር ክልል አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢቫን ቢውችሊና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ጥላ ያለው የቡና እርሻ ከደኑ ከእጥፍ በላይ የወፍ ዝርያ እንደያዘ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የደን ብቻ የሆኑት ወፎችና ከታችኛው ቁጥቋጦ ነፍሳት የሚለቅሙት በብዛት የተገኙት ደኑ ውስጥ ነው። እንግዲህ የቡና ጫካ ብዙ ወፍ ያስጠልላል፣ ደኑን ግን አይተካም ማለት ነው። ጥላው ተመንጥሮ ባህር ዛፍ ሲተከልበት ደግሞ ሦስቱም ነገሮች ከዝንብ አዳኝ ላይ ይወሰዳሉ።

ስለዚህ ለመስክ ትምህርት ስንወጣ ዛፍ ብቻ አንቁጠር። በደኑ፣ በቡና ጫካውና በባህር ዛፉ ውስጥ እኩል ሰዓት ቆመን ያየናቸውን ወፎች ብንመዘግብ፣ ዋንዛውን ለመቁረጥ ላሰበ ገበሬ የምናሳየው የራሳችን ማስረጃ ይኖረናል።